ጠረጴዛ ላይ ያለው አንገትና ትከሻ ላይ ያለው አንገት

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ከወንበራችሁ ሳትነሡ፣ ትከሻችሁንም ሳታዞሩ፣ ከኋላችሁ የተቀመጠውን ሰው ፊት ለማየት ሞክሩ።

አያችሁ፣ ትከሻችሁ አልታዘዘም። አንገታችሁን ብቻ አዙሩ ብዬ ባዝዛችሁም ደረታችሁ አብሮ ዞረ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ዓይናችሁ ቀድሞ ሄደ። ይህችን ትንሽ ነገር ያዙልኝ፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

«አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው» ይባላል። ተረቱን የምንናገረው የመጣንበትን እንዳንረሳ ነው። እኔ ግን ዛሬ እንዳለ ቃል በቃል እወስደዋለሁ። አንገት አዙሮ ሲያይ በውስጡ ምን ይሆናል? ያወቅነውስ በምን መንገድ ነው? መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከሞተ ሰው የተወሰደ አንገትን ቤተ ሙከራ ውስጥ ማሽን ላይ አስሮ መለካት ነው። ሁለተኛው በሕይወት ያለ ሰው እንደ ልማዱ ሲንቀሳቀስ መከታተል ነው። ሁለቱ የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። አለመግጠሙ ለእኔ የመጽሐፍ ጉዳይ ሆኖ አልቀረም፤ በሥራዬ ላይ በሰው ተመስሎ መጥቶብኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሠላሳ ዓመት ያህል ሚኒባስ የነዱ አንድ አባት ወደምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል መጡ። «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ወደ ኋላ መንዳት አቃተኝ» አሉኝ። ወደ ፊት ችግር የለባቸውም። ወደ ኋላ ሲሆን ግን ረዳታቸው ወርዶ «ና! ና! ና!» ካላላቸው በቀር መኪናዋን ማንቀሳቀስ ይፈራሉ። ራጅ ተነሥተው «ለዕድሜዎ ደህና ነው» ተብለዋል። እኔም ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ጀርባቸውን አስደግፌ፣ የማዕዘን መለኪያዬን ይዤ ለካሁ። ቁጥሩ በዕድሜያቸው ካለ ሰው ከሚጠበቀው ብዙም የራቀ አልነበረም። ወረቀቱ ጤነኛ ናቸው ይላል። ሰውየው ግን እንጀራቸውን የሚያገኙበትን ሥራ መሥራት አልቻሉም። ያን ቀን ወረቀቱንም እርሳቸውንም ማመን ነበረብኝ፤ ሁለቱም አልዋሹምና።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። የአንገት አከርካሪ አጥንቶች ሰባት ናቸው። ቀጭኔም ያላት ሰባት ነው፤ የእርሷ ረዘመ እንጂ ቁጥሩ አልበዛም። በእነዚህ ሰባት ላይ 4.5 እስከ 5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ራስ ተቀምጧል። የመጀመሪያው አጥንት ቀለበት ይመስላል። ሁለተኛው ወደ ላይ የወጣ ጥርስ መሰል ምሰሶ አለው፤ ቀለበቱ በዚያ ምሰሶ ዙሪያ ይሽከረከራል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከምንዞረው ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ ከአንድ መገጣጠሚያ ነው። በ1980ዎቹ በሕይወት ያሉ ሰዎች ራሳቸውን አዙረው በሲቲ ስካን ሲነሡ ድርሻው በእያንዳንዱ አቅጣጫ 40 ዲግሪ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን፣ አገጫችንን ብድግ አድርገን «አዎ» ስንል የምትሠራዋ መገጣጠሚያ ደግሞ ከዚህ በላይ፣ በራስ ቅልና በቀለበቱ መካከል ያለችው ናት። የቀረውን የታችኞቹ ይካፈሉታል። እንዴት እንደሚካፈሉት ነው የሙግቱ መነሻ።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው እንግባ። በሕይወታቸው ሳሉ «ከሞትኩ በኋላ ሰውነቴ ለትምህርት ይዋል» ብለው የፈቀዱ ሰዎች አሉ። ስለ እነርሱ ሳወራ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ዛሬ በአንገት ቀዶ ሕክምና የሚድን ሰው ሁሉ ባለውለታቸው ነው። አንገቱ ወጥቶ በበረዶ ይቀመጣል። የሙከራው ቀን ይቀልጣል፤ ጡንቻው በጥንቃቄ ይገፈፍና አጥንት፣ ዲስክና ጅማት ብቻ ይቀራሉ። የታችኛው አጥንት በሚጠነክር ሲሚንቶ ውስጥ ይተከላል፤ የላይኛው ጫፍ ማሽኑ ላይ ይታሰራል። እንዳይደርቅ ጨው ባለው ውሃ እየረጠበ ማሽኑ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ያጎነብሰዋል፤ ግራና ቀኝ ያዞረዋል። የሚሰጠው ጠምዛዥ ኃይል አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ግማሽ ኪሎ ስኳር በ30 ሳንቲ ሜትር ዱላ ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ ዱላውን በሌላው ጫፍ ብትይዙ፣ አንጓችሁ ላይ የሚሰማችሁ ያን ያህል ነው። ማሽኑ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ የሚመዘገበው ሦስተኛው ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ለማፍታታት ናቸው።

ይህ ዘዴ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። በዚህ መንገድ የተሰጠ ኃይል ከላይኛው መገጣጠሚያ እስከ ታችኛው ሳይበላለጥ እኩል ይደርሳል። ዛሬ የተለካው አንገት ነገ አንድ ጅማት ተቆርጦ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ብሎን ገብቶበት ቢለካ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዬል ዩኒቨርሲቲው መሐንዲስ ማኖሃር ፓንጃቢና ባልደረቦቹ ዘዴውን ለዓመታት አሻሽለውታል። በ1992 ፓንጃቢ አንድ ጠቃሚ ሐሳብ አወጣ። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በመካከሉ ያለ ብዙ ተቃውሞ የሚወዛወዝበት ጠባብ ቦታ አለው፤ እኔ «ልል ቀጠና» እለዋለሁ። በር ማጠፊያው ሲላላ ገና ሳይከፈት የሚወዛወዘውን አስቡ። መገጣጠሚያ ሲጎዳ ከጠቅላላው እንቅስቃሴ ይልቅ ቀድሞ የሚሰፋው ይህ ልል ቀጠና ነው አለ። ጡንቻ ያልተገፈፈለት አንገት ላይ ይህን ማየት አይቻልም ነበር። ቤተ ሙከራው ባይኖር ኖሮ ይህ ሐሳብም አይኖርም።

ከዚያው ቤት ግን ሌላ ግኝት ወጣ፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ እርሱ ነው። በ1998 ፓንጃቢና ባልደረቦቹ ጡንቻው የተገፈፈ አንገት ቀጥ ብሎ ቆሞ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም ፈተኑ። 10.5 ኒውተን ላይ ተጣጠፈ። ይህ አንድ ኪሎ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ስኳር! በትከሻችሁ ላይ ያለው ራስ የዚህን አራትና አምስት እጥፍ ይመዝናል። እንግዲህ አጥንትና ጅማት ብቻውን የራሱን ራስ እንኳ ሊሸከም አይችልም።

ይህን ቁጥር ከኬንያ ከመጣው ጋር አስተያዩት። በ1986 «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች ሸክም በራሳቸው ተሸክመው ሲሄዱ የሚያወጡትን ጉልበት ለክቷል። ከሰውነታቸው ክብደት አንድ አምስተኛ የሚሆን ሸክም ይዘው ሲሄዱ ያለ ሸክም ከሚያወጡት የበለጠ ጉልበት አላወጡም። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ብትሆን ሸክሟ 12 ኪሎ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የራሷ ራስ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንገት በአንድ ኪሎ ወደቀ። ትከሻ ላይ ያለው አንገት ከአሥራ አምስት ኪሎ በላይ ተሸክሞ መንገድ ይሄዳል።

ለሠርግ ድንኳን ሲተከል አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምሰሶው የሚቆመው በራሱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ከዚህም ከዚያም የወጠሩት ገመዶች ናቸው የሚያቆሙት። አንገት ከሃያ ጥንድ በላይ ጡንቻዎች አሉት፤ አንዳንዶቹ ከራስ ቅል እስከ ትከሻ የሚዘረጉ፣ አንዳንዶቹ ከአንድ አጥንት ወደ ጎረቤቱ ብቻ የሚሻገሩ አጫጭር ናቸው። ማሽኑ ላይ የሚታሰረው አንገት ገመዱ የተፈታበት ምሰሶ ነው።

ተመራማሪዎቹ ይህን ሲያዩ መሣሪያቸውን አሻሻሉ እንጂ አልጣሉትም። አቪናሽ ፓትዋርድሃን የተባለ የቺካጎ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ሥራ በአንገቱ ግራና ቀኝ ገመድ ዘረጉ፤ ገመዱ የአንገቱን ተፈጥሯዊ ጉብጠት ተከትሎ በእያንዳንዱ አጥንት መዞሪያ ማዕከል አጠገብ እንዲያልፍ አደረጉ። ሸክሙ ከላይ ወደ ታች በቀጥታ ሳይሆን በአንገቱ መንገድ እየታጠፈ ወረደ። ያ በ10 ኒውተን ይጣጠፍ የነበረ አንገት 250 ኒውተን ተሸክሞ ሳይጎዳ ቆመ። የአጥንቱ ብርታት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሸክሙ የሚወርድበት መንገድ ብቻ ነው።

ግን ገመድ ገመድ ነው፤ አያስብም። ጡንቻ ይሰማል። በተለይ ከራስ ቅል ሥር፣ ማጅራታችሁ ላይ ጣታችሁን ብታሳርፉ የሚነኩት ትንንሽ ጡንቻዎች ርዝመታቸው ሲለወጥ ለአንጎል በሚነግሩ ስሜት ተቀባዮች እጅግ የተሞሉ ናቸው። አንድን ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጣችሁ አንዲት የብርሃን ነጥብ ብቻ ብታሳዩትና ማጅራቱን በነዛሪ መሣሪያ ብታንቀጠቅጡ፣ ነጥቧ ሳትንቀሳቀስ ስትሄድ ያያታል። አንጎሉ ራሱ የዞረ ስለመሰለው ነው። አንገት ራስን የሚሸከም ዘንግ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሙከራ አላውቅም። የት እንዳለን የምናውቅበት የስሜት አካልም ነው። አንገታቸውን የታመሙ ሰዎች «ያዞረኛል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ፊት አንሰጣቸውም፤ ልንሰጣቸው ይገባል።

አሁን ደግሞ ሕያው የሆነውን አንገት እንመልከት። ጣታችሁን አንገታችሁ ከጀርባችሁ ጋር ወደሚገናኝበት፣ ጎላ ብሎ ወደሚወጣው አጥንት አድርጉ። ቀስ ብላችሁ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ አውርዱ። ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው የላይኛው ይመስላችኋል። አይደለም። ሆላንዳዊው ሄንክ ፋን ማመረን በ1990 ወጣት ጤነኞች ራሳቸውን ሲያጎነብሱና ሲያቀኑ በራጅ ፊልም እንደ ሲኒማ ቀርጾ እያንዳንዱን ምስል ተከታተለ። ጉዞውን የሚጀምሩት የታችኞቹ መገጣጠሚያዎች ናቸው፤ በስድስተኛውና በሰባተኛው አጥንት መካከል ያለው ቀድሞ ይነሣል። ቀጥሎ በራስ ቅል ሥር ያሉት፣ ከዚያም የመካከለኞቹ ይከተላሉ። መካከለኞቹ በሚሠሩበት ጊዜ ታችኛው ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል! በመጨረሻ እንደገና የታችኞቹ ተነሥተው ጉዞውን ይዘጉታል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ የላይኞቹ ናቸው ወደ ኋላ የሚሉት። ራሳችሁ ወደ ፊት ብቻ የሄደ ሲመስላችሁ በውስጡ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመለስ ነበር።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ በማሕሌት ላይ ያለ ዝማሜ ነው። መቋሚያው እኩል ይነሣል፣ እኩል ይወርዳል፤ ግን አንዱ ወገን መርቶ ሌላው ይቀበላል። ማሽኑ ሁሉንም መገጣጠሚያ በአንድ ጊዜ እኩል ይገፋል። ሕያው አንገት ተራ አለው።

ከዚህ የሚከተለው ለሐኪም ቤት ሥራ ከባድ ነገር ነው። አንድ መገጣጠሚያ የመጨረሻውን ያህል የሚታጠፈው ራስ የመጨረሻው ቦታ ላይ ሲደርስ ላይሆን ይችላል፤ በጉዞው መካከል ዳር ደርሶ ተመልሷልና። ታዲያ ሁለት ራጅ ብቻ አንሥተን፣ አንዱን አጎንብሶ፣ አንዱን ቀና ብሎ፣ «ይህ መገጣጠሚያ ይህን ያህል ይንቀሳቀሳል» ስንል መነሻውንና መድረሻውን አይተን መንገዱን ገምተናል ማለት ነው። ያው ሰው ያንኑ እንቅስቃሴ ቢደግመው እንኳ የአንዱ መገጣጠሚያ ድርሻ እኩል አይመጣም። በኋላ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በሁለት አቅጣጫ በሚያነሣ ፈጣን ራጅ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ጥራት የተከታተሉት ተመራማሪዎች ደግሞ ሲያጎነብሱ የሚሄዱበት መንገድና ሲቀኑ የሚመለሱበት መንገድ አንድ አለመሆኑን አሳዩ።

ስለ ራሳችን ልናገር። እስክስታ ላይ አንገት ወደ ፊት ተወርውሮ ወደ ኋላ ሲሳብ፣ ራሱ ሳያጎነብስ ፊት ለፊት እያየ፣ ምን እየሆነ ነው? በ1999 የታተመ የራጅ ጥናት እንዲህ ያለውን ወደ ፊት መግፋትና ወደ ኋላ መሳብ ከተራው ማጎንበስና መቅናት ጋር አስተያይቶ ነበር። ራስ ወደ ፊት ሲገፋ የአንገት የታችኛው ክፍል ያጎነብሳል፤ የላይኛው ደግሞ ወደ ኋላ ይቀናል። ሲሳብ ይገለበጣል። ከሁሉ የሚገርመው፣ የላይኞቹ መገጣጠሚያዎች ዳር ድረስ የሚደርሱት ሰው አገጩን ደረቱ ላይ ሲያሳርፍ ሳይሆን በዚህ መግፋትና መሳብ ጊዜ ነው። እንግዲህ አንገቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ እያጎነበሰ የሚለካ ማንኛውም ፈተና፣ ማሽንም ይሁን እኔ በመለኪያዬ፣ የአንድ የጎንደር ወይም የወሎ ጨዋታ አዋቂ በሠርግ ቤት የሚያሳየውን እንቅስቃሴ አያገኘውም። ያ እንቅስቃሴ በፈተናው ዝርዝር ውስጥ የለምና።

ሰው በዕለት ኑሮው ከአንገቱ ምን ያህሉን ይጠቀማል? በ2010 ከዬል የወጣ ጥናት በ60 ጤነኛ ሰዎች አንገት ላይ መለኪያ አስሮ አሥራ አምስት የተለመዱ ሥራዎችን አሠራቸው፦ መቀመጥ፣ መነሣት፣ ጫማ ማሰር፣ ማንበብ፣ ደረጃ መውጣት፣ የመሳሰሉትን። አብዛኞቹ ሥራዎች ካላቸው አቅም ጥቂቱን ብቻ ወሰዱ። አንድ ሥራ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ተለየ። መኪና ወደ ኋላ መንዳት ካለው የመዞር አቅም 92 በመቶውን ጠየቀ።

ጋሼ ትዝ አሉኝ። በእኔ ወንበር ላይ «ደህና» የሆነ አንገት፣ አሥር ከመቶ ብቻ ቢቀንስ፣ ጫማ ለማሰርም ለማንበብም ይበቃል። ወደ ኋላ ለመንዳት ግን አይበቃም። ወረቀቱ ትክክል ነበር፤ እርሳቸውም ትክክል ነበሩ። የእኔ ጥያቄ ነበር የተሳሳተው። አንገቱ ምን ያህል ይዞራል ብዬ ጠየቅሁ፤ ሰውየው ለምን ሊያዞሩት እንደሚፈልጉ አልጠየቅሁም።

ይኸው ጥያቄ ሰው ሠራሽ ዲስክ ላይም ይነሣል። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ የነበረው ቀዶ ሐኪም ብራያን ከሚንስ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ በሁለት አጥንቶች መካከል ገብቶ የሚንቀሳቀስ ዲስክ አዘጋጀ። በ2007 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የመጀመሪያዎቹን የአንገት ሰው ሠራሽ ዲስኮች ፈቀደ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሰው አንገት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለማለቁን ለማወቅ ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ። ማሽኑ ዲስኩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ 7.5 ዲግሪ፣ ወደ ጎን 6፣ በመዞር 4 ዲግሪ ያንቀሳቅሰዋል፤ ከ50 እስከ 150 ኒውተን ይጫነዋል። የጥጃ ደም ውሃ በሰውነት ሙቀት በሆነ መታጠቢያ ውስጥ ተደርጎ፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ፣ 10 ሚሊዮን ጊዜ። ሌሊትና ቀን ሳይቆም ከ115 ቀን በላይ ይፈጃል።

ይህን ፈተና አከብራለሁ። ያለ እርሱ የሚሟሽሽ ዕቃ ሰው ውስጥ ይገባ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ 10 ሚሊዮኑም ያው አንድ እንቅስቃሴ ነው። ሰው ደግሞ ሌሊት ይተኛል፤ ጠዋት ሲነሣ ይንጠራራል፤ ቀኑን በብዙ ጥቃቅን ዞር ማለት ያሳልፍና አንድ ጊዜ ድንገት ያስነጥሳል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ማሽን አጥንት አያበቅልም። አንዳንድ ታማሚዎች ላይ ሰውነት በተተከለው ዲስክ ዙሪያ አዲስ አጥንት እያበቀለ፣ እንዲንቀሳቀስ የገባውን ዕቃ ቀስ በቀስ ይቆልፈዋል። ብረቱ አላለቀም፤ ፈተናውን በደንብ አልፏል። የቆመው ግን አንገቱ ነው። ይህን ያሳየው ታማሚዎቹን ለዓመታት መከታተል ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሕያው አንገትን ደግፌ ቤተ ሙከራውን ያሳነስኩ መስሎ ከሆነ አሁን ልመልሰው። ቤተ ሙከራው ከጠበቅነው በላይ ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። መኪና ቆሞ ሳለ ከኋላ ሲገጭ። ወንበሩ ጀርባን ወደ ፊት ይገፋል፤ ራስ ባለበት ይቀራል። በ1997 የዬል ተመራማሪዎች በአስከሬን አንገት ላይ ይህን ሲያስመስሉ አንገቱ ለአፍታ የላቲን ኤስ ፊደልን ቅርጽ ያዘ፤ ታችኛው ወደ ኋላ ሲቀና ላይኛው ያጎነብሳል። «የሞተ ሰው ነው፣ ጡንቻ የለውም» ያለ ነበር። በ1999 ጃፓናዊው ኮጂ ካነኦካና ባልደረቦቹ ፈቃደኛ የሆኑ ጤነኛ ሰዎችን በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በሰዓት እስከ 8 ኪሎ ሜትር፣ ገጭተው በፈጣን ራጅ ቀረጿቸው። ያው ነገር ታየ፤ አምስተኛውና ስድስተኛው አጥንት መካከል ያለው መገጣጠሚያ በተለመደው ማዕከሉ ዙሪያ ሳይሆን ከፍ ባለ ቦታ ዙሪያ ታጠፈ።

ምክንያቱ ጊዜ ነው። የአንገት ጡንቻ ግጭቱን ሰምቶ ለመንቃት ከ70 እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ ኃይል ለማውጣት ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገዋል። ያ አደገኛ ቅርጽ የሚፈጠረው በመጀመሪያው 100 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ነው። በዚያች ቅጽበት ገመዶቹ ገና አልተወጠሩም። ሕያው አንገት ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ጠረጴዛው ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። ቀስ ብሎ በሚደረግ እንቅስቃሴ የራቁት ሁለቱ፣ ፈጣን በሆነው ይቀራረባሉ።

መኪና ሠሪዎች ለፊት ለፊት ግጭት ሲጠቀሙበት የኖሩት ሰው መሰል አሻንጉሊት በ1970ዎቹ የተሠራ ነው፤ አንገቱ ጎማና አሉሚኒየም ነው። ለፊት ግጭት ጠቅሟል፤ ለኋላ ግጭት ግን ከሰው አንገት ይልቅ ደረቅ ነበር። ስለዚህ ስዊድን ውስጥ፣ በጎተንበርግ ከተማ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሃያ አራት አከርካሪ አጥንቶች ያሉት፣ ሰባቱ የአንገት የሆኑ፣ ሌላ አሻንጉሊት ተሠራ። እርሱ ኤሱን ይሠራል። መኪና ውስጥ ከጀርባችሁ ያለው የራስ መደገፊያ ለምቾት አይደለም። ጫፉ ከራሳችሁ አናት ጋር እኩል ይሁን፤ ከራሳችሁ ኋላም ብዙ አይራቅ። ጡንቻችሁ ሊደርስላችሁ በማይችልበት በዚያ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ የሚደርስላችሁ እርሱ ብቻ ነውና። ዝቅ ብሎ ማጅራት ላይ ያለ መደገፊያ ሥራውን አይሠራም። መደገፊያው ጨርሶ በተነሣባቸው የታክሲ ወንበሮች ላይ ልጆቻችንን ስናስቀምጥ ይህ ያሳስበኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በየስልካችሁ ደርሷችኋልና። «ስልክ ለማየት 60 ዲግሪ ስታጎነብሱ አንገታችሁ 27 ኪሎ ይሸከማል» የሚለው ሥዕል የመጣው በ2014 ከታተመ አንድ የኮምፒዩተር ስሌት ነው። የማንም ሰው አንገት ላይ አልተለካም። ረጅም ሰዓት አጎንብሶ መዋል አንገትን ማድከሙ እውነት ነው፤ በየመካከሉ ቀና በሉ። ግን አንዲት ልጅ አጎንብሳ ስትማር ስላያችሁ አንገቷ እየተሰበረ ነው ብላችሁ አታስፈራሯት። አንገት የሚጎዳው በመታጠፉ ሳይሆን ሳይንቀሳቀስ በመቆየቱ ነው ብል ይቀለኛል። የፈራ አንገት ደግሞ ይደርቃል፤ ይህን በየቀኑ አያለሁ።

ጋሼን ምን አደረግኋቸው? መለኪያዬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ አብሬያቸው ወደ ሚኒባሷ ወረድኩ። መሪው ላይ ተቀምጠው ወደ ኋላ ለመሄድ ሲሞክሩ ያየሁትን ክፍሉ ውስጥ አላየሁትም ነበር። ወንበሩን ወደ መሪው በጣም አቅርበውታል፤ ቀኝ እጃቸው መሪውን ጨብጦ ትከሻቸውን ወደ ፊት ይዞታል። ደረታቸው ሊያዋጣ የሚገባውን ትንሽ ዲግሪ ስላላዋጣ ሥራው ሁሉ አንገት ላይ ወድቋል፤ አንገት ብቻውን ደግሞ 92 በመቶውን ሊሰጥ አልቻለም። ዓይናቸውም ከመስተዋቱ አልነቀል ብሏል። ወንበሩን ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ አደረግነው። ቀኝ እጃቸውን በጎን ባለው ወንበር ጀርባ ላይ እንዲያሳርፉ፣ ቀድመው በዓይን፣ ከዚያ በአንገት፣ ከዚያ በደረት እንዲዞሩ አለማመድኳቸው። በቤታቸው ደግሞ አገጭን ወደ ኋላ የመሳብን እንቅስቃሴ ሰጠኋቸው፤ «ይሄማ እስክስታ ነው» አሉኝ።

በአራተኛው ሳምንት ጠዋት ከክፍሌ መስኮት ወደ ግቢው ስመለከት አንዲት ሚኒባስ በሁለት መኪኖች መካከል ወደ ኋላ እየገባች ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አልወረደም፣ አልጮኸም። ጋሼ ቀኝ ክንዳቸውን በወንበሩ ጀርባ ላይ ዘርግተው የኋላውን መስታወት አሻግረው እያዩ ቀስ ብለው አስገቧት።